ጥላዋን የሸጠችው ፍየል የማን ናት?

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ ፍየሏ ጉድ አፈላች። የወጣቶች ማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት ከአፍ እስከ ገደፉ በልጆች ተሞልቷል፤ የጭቃ ጫማቸው በር ላይ ተቆልሏል፤ ጓደኛዬ አበረ የጻፍሁለትን ታሪክ ሊያነብ ያን የተባረከ ድምፁን ለቀቀው። «ሮብ ገበያ ወርዳ ጥላዋን የሸጠች አንዲት ፍየል ነበረች» ሲል አንድም ልጅ አላሳለም። እኔ እንደ ልማዴ ከመደርደሪያው ጀርባ ነኝ። ልጆቹ «ጥላውን የገዛው ሰውዬ ምን አደረገበት?» ብለው ሲያፋጥጡት ወደ መደርደሪያው ጠጋ አለ። በመጻሕፍቱ ክፍተት «ጎመን ተከለበት፤ ጎመኑ ቀንድ አወጣ» ብዬ ሹክ አልሁት። ተቀብሎ ሲለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ብናገረው ኖሮ «ጎ... ጎ...» ላይ እቀር ነበር። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ስቆም ደህና ነኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ግን ምላሴ ይታሰራል። ይሁን። ሳቁ የእኔ ነው፤ ከመደርደሪያው ጀርባም ይሰማል።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ዝናብ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው።

ከአበረ ጋር ያለን ነገር የዛሬ አይደለም። ደብረ ወርቅ አጠገብ አንድ የኔታ ዘንድ አራት ዓመት አብረን ቅኔ ተምረናል። እኔ ቅኔውን እቆጥር፣ ማለት እደርስ ነበር፤ እሱ ድምፅ ነበረው። ቅኔ ሲቀርብ የቆጠረው ከኋላ ቆሞ ይነግራል፤ ድምፀ መልካሙ ከፊት ሆኖ እየተቀበለ ያዜማል። ከፊት የቆመው ባለቤቱ እንዳልሆነ አገር ያውቃል። ሲያበቃ የኔታ «የማን ነው?» ይላሉ፤ ያዜመው ዞር ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ ያሳያል። አበረ አራት ዓመት ሙሉ ዞሮ እኔን አሳይቷል። አንድ ቀን እንኳ አልዘነጋም። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል?

ምሳ ላይ ምሥራቅ ስለ ቅዳሜው ጠየቀችኝ። ባለቤቴ በጋሽ ጀማለዲን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ ቅዳሜ ሥራ ስለሚበዛባት አንድም ቀን መጥታ አልሰማችም።

«ከቀዳዳዋ ጋር የተጣላው የሸሚዝ ቁልፍ ታሪክስ ተነበበ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ቀዳዳዋ ስታለቅስ ልጆቹ ምን አሉ?»

«ሳቁ።»

«እዚያ ጋ እንኳ ማሳቅ አልነበረበትም» አለችና ሳህኑን አነሣች። እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰው ሳቀ ሲባል ደስ አይላትም?

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

እንግዶች መጡ! ከባሕር ዳር፣ የልጆች መጻሕፍት የሚያሳትም ማኅበር። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ አፍርሰው ነበር። «ደመና የነከሰው ሰውዬ» ሲነበብ ገቡ፤ ሰውዬው ባስነጠሰ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ዝናብ የሚዘንብበትን። ከኋላ ቆመው እንደ ልጆቹ ተንከተከቱ። አንዲቱ ሴትዮ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርግ ነበር። ሲያበቃ አበረን ከበቡት። እኔ ለሰላምታ እንኳ ልወጣ ብዬ ነበር፤ «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው ጤ ላይ እንደሚያንቀኝ ስለማውቅ የመጻሕፍት አቧራ የማራግፍ መስዬ ቀረሁ።

አሥራ ሁለቱንም ታሪኮች ሊያሳትሙ ነው። ባለ ሥዕል መጽሐፍ። ሂዊ ስትሰማ ቤቱን በዝላይ ልታፈርሰው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ «የኛ ፍየል ሥዕል ይኖራታል?» ትላለች።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ታሪኮቹን የጻፍሁበትን ደብተር ለአበረ ሰጠሁት። እሱ ያስረክብ፤ አፍ ያለው እሱ ነው።

ምሥራቅ፦ «ስም ጻፍህበት?»

«ቅኔ ላይ ስም ይጻፋል እንዴ?»

«ቅኔ ነው እንዴ?»

ከቅኔ ቤት ያልዋለ ሰው ይህ አይገባውም። ስምን ማስቀደም ነውር ነው፤ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚያሳይልህ ሌላ ሰው ነው። አስረዳኋት። «እና የተቀበለው ሰው ባይዞርስ?» አለች። ከአበረ ጋር ሃያ ዓመት እንደምንተዋወቅ ነገርኋት። ክር በመርፌ አስገብታ መስፋቷን ቀጠለች።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። አበረ ስልክ አያነሣም። ኔትወርክ ይሆናል።

ነሐሴ 3

በንባቡ ላይ አገኘሁት። «ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ሁሉ ደህና ነው» አለኝ። ዓይኑ ግን እኔን አላየም፤ ከትከሻዬ በላይ ያለውን ሰዓት ነው ያየው። ጾም ነው፤ ሰው ሲርበው ዓይኑ ይቅበዘበዛል። እኔ ደግሞ ነገር አበዛለሁ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ለምሥራቅ ምሳ ይዤ ሄድሁ። ጋሽ ጀማለዲን ገና ከሩቅ ሲያየኝ ስልኩን እያውለበለበ መጣ። «መምህር፣ ና ጉድ እይ! ጓደኛህ ደራሲ ሆኗል!»

አየሁ። የመጽሐፍ ሽፋን። ጥላ የሌላት ፍየል፣ አጠገቧ ቀንድ ያወጣ ጎመን፣ ከላይ «ጥላዋን የሸጠችው ፍየል እና ሌሎች ግራ የሚያጋቡ ታሪኮች»፣ ከታች ደግሞ በወፍራም ፊደል፦ አበረ።

ጋሽ ጀማለዲን ወንበር አመጣልኝ። «ወላሂ እኔ ግን ግራ ገብቶኛል» አለ፣ አንዴ እኔን አንዴ ምሥራቅን እያየ፤ «ይቺን ፍየል እኮ አውቃታለሁ። ሱቄ በር ላይ ነው ያደገችው።» ምሥራቅ የስፌት መኪናዋን መርገጥ አቆመች። እኔ የምሳ ዕቃውን እዚያው ጥዬ በዝናብ ወደ ቤት ሄድሁ።

ነሐሴ 7

ከሃዲ። ከሃዲ። ከሃዲ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ! አንድ ማዕድ የበላን! በዕከክና በቅማል ዘመን፣ የደረቀ ቁራሽ፣ ኮቾሮ እየለመንን አንድ ጎጆ ያደርን! ሁለት ሳምንት ሙሉ እያየ፣ እየሣቀ፣ ከጀርባዬ ስሙን ያስጽፋል? እህል አልወረደልኝም። የሰው ላብ እንደ ራስ አድርጎ ሰው ፊት መቆም እንዴት ይቻላል? እንቅልፍስ እንዴት ይወስደዋል? እኔ አልችልም። እኔ ብሆን አልችልም።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ልቀር ነበር፤ እግሬ ወሰደኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ ቆምሁ፤ አፌን ግን ዘጋሁ። «ትናንትን ብቻ የሚያሳይ መስኮት» ነበር የሚነበበው። መጨረሻው ላይ አንዲት ልጅ «መስኮቱን ቢሰብሩትስ ትናንት ትሰበራለች?» ብላ ጠየቀች። አበረ ወደ መደርደሪያው ጠጋ አለ። ጠበቀ። አሳለ። ዝም አልሁት። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አየሁ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ፈገግ አለና «እሱን ቤታችሁ ሄዳችሁ ጨርሱት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትነግሩኛላችሁ» አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ያለ እኔም አጨበጨቡ! ይህ ከሽፋኑ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆች በር ላይ ጨፈሩ። ሂዊ ሙልሙል ሰጠቻቸው። እኔ አልወጣሁም።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ፊት ለፊት ተናገርሁት። ከቅዳሴ መልስ፣ የማዕከሉ አጥር ሥር። ያጠናሁትን ሁሉ እየተንተባተብሁ አፈሰስሁት። አልካደም። እሱ ነው የሚያናድደው፤ ቢክድ እኮ እንጣላ ነበር።

«ደብተሩ ላይ ስም አልነበረም፣ የሺዋስ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሳስረክብ የማኅበሩ ሴትዮ "የማን ነው?" አለችኝ። እንደ ድሮው ዞር አልሁ፤ እመቤቴን፣ ዞሬያለሁ። አንተ የለህም። መደርደሪያ ነው ያየሁት። አንዴ ዝም አልሁ፣ ከዚያ "የእርስዎ ነው አይደል?" አለችኝ፣ ከዚያ... ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት የሌላ ሰው አፍ ሆኜ ኖሬያለሁ።»

«ሌ... ሌባ!» አልሁት።

«እሺ ነኝ። እጽፍላቸዋለሁ፣ ያስተካክሉታል።» ከዚያ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ፣ ቀና ሳይል፦ «አንተን ግን "የማን ነው?" ያለህ ሰው አለ? ቁልፍና ቀዳዳ ተጣሉ የሚል ነገር ለአማርኛ አስተማሪ ከየት ይመጣለታል?»

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። የያዙት ሌባ ነገር ማጣመሙ የታወቀ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው መጣሁ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

አበረን ማመን ቀርቷል፤ ለማኅበሩ ራሴ ልጽፍ ነው። ምስክር ያስፈልጋል። ምሥራቅን «ባለቤቴ ታሪኮቹን ሲደርስ አይቻለሁ ብለሽ ፈርሚልኝ» አልኋት። መስከረም ስለደረሰ የተማሪ ዩኒፎርም ከፊቷ ተከምሯል፤ ሰማያዊ ብቻ ነው የሚታየው።

«ስትጽፍ አይቻለሁ። እሱን እፈርማለሁ።»

«ስትደርስ በይ።»

«ስትጽፍ ነው ያየሁት።»

በቃ፣ እንዲሁ ቀረን። በዚህ ሰዓት እንኳ ከጎኔ ብትቆም ምን ነበረበት? አንዱ ጓደኛዬ ሸጠኝ፤ ሚስቴ ደግሞ በቃል ትመረምረኛለች። «ሲጽፍ» ብላ ፈረመች። የእጅ ጽሕፈቷ ያምራል፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ባታቋርጥ ኖሮ ጥሩ ተማሪ ትሆን ነበር።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ደብዳቤውን ጨረስሁ። ሰባት ገጽ ወጣው። እያንዳንዱ ታሪክ እንዴት እንደተወለደ ዘርዝሬያለሁ፤ ሌባ ይህን ሊያውቅ አይችልምና። ፍየሏ የመጣችልኝ ለምሥራቅ ምሳ ይዤ በሄድሁበት ቀን ነው፤ በረንዳው ጥላ ሥር አንዲት የገበያ ፍየል ቆማ፣ ምሥራቅ «ይቺ ጥላዋን የት ጣለችው?» ስትል። ደመና የነከሰው ሰውዬ የመጣው ሂዊ በጉንፋን ታማ፣ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታጫውታት እኔ በሩ ላይ የተማሪ ፈተና ሳርም ነው። የመስኮቱ፣ ምሥራቅ እናቷ የሞቱባት ሰሞን ነው፤ መስኮት ላይ ተቀምጣ «ይቺ መስኮት ትናንትን ብታሳየኝ» ያለች ዕለት። የቁልፉ...

ደብዳቤውን መልሼ ሳነበው ምሥራቅ በዝታበታለች። ለማኅበሩ ሰዎች የቤት ጣጣ ምን ያደርግላቸዋል? ስሟን አወጣሁት። «አንድ ቀን በመንገድ ስሄድ» አልሁ በየቦታው። አምስት ገጽ ሆነ። ይነበባል።

አጋጣሚ ከየትም ይመጣል፤ ድርሰት ግን ብዕር ነው። ማን ቁጭ ብሎ ጻፈው? እኔ።

መስከረም 2፣ ዓርብ

መልስ! አበረ ቀድሞኝ ጽፎላቸው ኖሯል፤ የእኔም ደርሷቸዋል። መጽሐፉ ታትሞ ስላለቀ ሽፋኑ ላይ ስሜ ያለበት ወረቀት ይለጠፍበታል። ምርቃቱ ቅዳሜ፣ መስከረም 10፣ እዚሁ ማዕከሉ አዳራሽ። ለምሥራቅ ነገርኋት። «እንኳን ደስ ያለህ» አለች። «ያለን» አልሁ። የሂዊን ሹራብ ቁልፍ ትተክል ነበር፤ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ቅዳሜ ስፌቱን ትቼ እመጣለሁ» አለች። ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ቅዳሜ ሥራዋን ትታ አታውቅም።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

አሁን ከሰዓት ነው። አዳራሹ ውስጥ ያጠመቀኝ ላብ ገና አልደረቀም። ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ሰው ሞልቷል። ምሥራቅ ያንን የማትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ሂዊን ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች። ጋሽ ጀማለዲንም ሱቁን ለፈውዚያ፣ ለልጁ ትቶ መጥቷል። አበረ ፍየሏን አነበበ። እንዴት አድርጎ! ጨረሰና የማኅበሩ ሴትዮ ገና ምንም ሳትል ዞረ፤ ጎንበስ አለ፤ በሁለት እጁ እኔን አሳየ። «የእሱ ነው» አለ። ድምፁ ተሰበረ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄድሁ፤ የኔታ እዚያ ያሉ መሰለኝ። ይቅር አልሁት። እዚያው ይቅር አልሁት።

ከዚያ አወጡኝ። ማይክ ሰጡኝ። ያቺ ስለ መስኮቱ የጠየቀችው ልጅ እጇን አወጣች፦ «መምህር፣ ቁልፍና ቀዳዳ ይጣላሉ ብለው እንዴት አሰቡ?»

ምሥራቅ ከኋላ ቀና አለች። ታየችኝ።

«አንድ ቀን በመንገድ ስሄድ መጣልኝ» አልሁ።

አልተንተባተብሁም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቃሉ እንደ ውሃ ወረደልኝ። እንደገና ተጨበጨበ። ከጭብጨባው በኋላ ወደ ኋላ ሳይ ምሥራቅ ቦታዋ ላይ የለችም። ሂዊ ብቻ ናት፤ ጋሽ ጀማለዲን እጇን ይዟታል። እሱ አያጨበጭብም ነበር።

ሱቅ ሥራ አስቸኩሏት ይሆናል። የዩኒፎርም ወቅት ነው።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ምሥራቅ አትቆጣም፤ አታኮርፍም። ምግብ ታቀርባለች፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ትላለች፣ ትሄዳለች። ተረት ግን የለም። ስትሰፋም ዝም፣ ሂዊን ስታስተኛም ዝም።

ጋሽ ጀማለዲን አንድ ቅጂ ገዝቶ ኖሯል። «ፈርምልኝ» ይለኛል ብዬ ብዕር አወጣሁ። «ኧረ እኔስ ምሥራቅን አስፈርሜያለሁ» አለና ገልጦ አሳየኝ። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ለጋሽ ጀማለዲን፣ ፍየሏን ከበረንዳው ላላባረረው» ይላል። ብዕሬን ኪሴ ከተትሁ።

ስመለስ ሂዊ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ሽፋኑን በጥፍሯ ትልጣለች። የእኔን ስም ግማሹን አንሥታዋለች።

«ተይ! ምን ታደርጊያለሽ?»

«አባዬ፣ ከሥሩ የጋሽ አበረ ስም አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ከሱ ሥርስ ማን አለ?»

«ምንም የለም። ወረቀት ነው» አልኋት። አላመነችኝም። መላጧን ቀጠለች።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ከሰዓት ዘንቦ ቆመ። ሂዊ ከትምህርት ቤት መጣች፤ ዳቦዋን እየበላች አጠገቤ ተቀመጠች። «አዲስ ተረት ንገረኝ። መጽሐፍ ውስጥ የሌለ።»

ደራሲ ነኝ አይደል? ስሜ ተለጥፏል አይደል? ጀመርሁ። «አንድ በግ ነበረ...»

«እሺ።»

«በጉ... በጉ ወደ ገበያ ሄደ...»

«ከዚያስ?»

ምላሴ ታሰረ። መንተባተብ አልነበረም፤ መንተባተብን አውቀዋለሁ፤ እዚያ ቃሉ አለ፣ መውጫ ነው የሚያጣው። ይህ ሌላ ነው። ብፈልግ ብፈልግ ውስጤ ምንም የለም። አሥራ ሁለት ታሪክ ያወጣሁበት ጉድጓድ የእኔ አልነበረም። ይኸው ጻፍሁት። አበረን ሌባ ብዬ ስሰድብ ከርሜ፣ እሱ እንኳ ዞሯል።

ሂዊ ታዘበችኝና አዘነችልኝ መሰለኝ። «እንደ ሁልጊዜው አድርግ» አለችኝ።

«ሁልጊዜ እንዴት ነው የማደርገው?»

«እማዬን ጠይቃትና መጥተህ ንገረኝ።»

ሄድሁ። ምሥራቅ ጓዳ ውስጥ፣ ለመስኮቱ ብርሃን ተጠግታ፣ የዩኒፎርም እጅጌ ትጠቅማለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ከኋላዋ ቆምሁ። «ሂዊ ተረት አማራት» አልሁ።

«የማን ነው ልትላት?»

«ያንቺ ነው እላታለሁ። ሁሉም ያንቺ ነው።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አልዞረችም።

«እሱን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቀዋለሁ።»

ሂዊ ከወዲያ ክፍል እየደጋገመች ትጣራለች፦ «አባዬ! ነገረችህ?»